ለሟች ቤተሰብ ሕግ የከፈታቸው በሮች፤ የመሐንዲሱም ድርሻ

(በድሬዳዋ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




«የሞተ ተጎዳ» የሚለው አባባል በሐዘን ቤት ሁሉ የሚሰማ ነው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የሞተው ተጎድቶ አረፈ፤ ጉዳቱን ተሸክመው የሚኖሩት ግን ሚስቱ፣ ልጆቹና የሚጦራቸው አባትና እናቱ ናቸው። ሰው በሕመም ወይም በዕድሜ ሲሞት ይህን ጉዳት የሚያካፍለው ዕድሩና አፎቻው ነው። በሌላ ሰው ጥፋት ወይም በሌላ ሰው ንብረት ምክንያት ሲሞት ግን ጉዳዩ የሐዘን ብቻ መሆኑ ይቀርና የመብት ጉዳይ ይሆናል። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለዚህ መብት ነው።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም በሥራችን ጠባይ ሞት ከእኛ ሩቅ አይደለም። ቦይ እናስቆፍራለን፣ መወጣጫ እናስቆማለን፣ የከፍተኛ ኃይል መስመር እንዘረጋለን፣ ከባድ መኪናና ክሬን እናንቀሳቅሳለን። አደጋ ሲደርስ ፖሊስም ሆነ ዳኛ «ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው ከእኛ ወገን የሆነ ሰውን ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ምን ዓይነት መብት እንዳለው አለማወቃችን ከአለማወቅ አልፎ በሌላው ላይ ጉዳት የሚያስከትል ይሆናል። ይህን የምለው ከራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ በከተማችን በአንድ የፍሳሽ ቦይ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነበር። ቦዩ 3 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው። አፈሩ፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት የድሬዳዋ አፈር፣ አሸዋ የበዛበት ነው። ከዋዜማው ምሽት ዝናብ ስለ ጣለ የቦዩ ግድግዳ በእንጨት ይደገፍ ዘንድ በሥራ ቦታው መዝገብ ላይ ጻፍሁ። አልተደገፈም። በማግስቱ ከቀትር በፊት ግድግዳው ተንዶ አንድ የቀን ሠራተኛ ተቀበረ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ በአካፋ እስኪቆፈር ድረስ ሰው በሕይወት አይቆይም።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤቱ ሐዘን ተቀምጣ ሳለች ሽማግሌዎች ተላኩ። ጥቂት ገንዘብ ተሰጣት፤ «ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይም ፈረመች። ነገሩን ሰማሁ፤ ዝም አልሁ። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያ ልጇን አስከትላ መጣችና፣ እንደ ድሬ ሰው ወግ አንቱታ ሳታበዛ፣ «አንተ ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ምን ጽፈህ ነበር? ለልጁ ንገረው» አለችኝ። በዚያን ጊዜ የሰጠኋት መልስ «ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሕጉ ተዘግቷል» የሚል ነበር። መልሴ ስሕተት ነበር። እንዴት ስሕተት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዘመናዊው ሕግ በፊትም ቢሆን አገራችን ለጠፋ ነፍስ ሥርዓት የሌላት አልነበረችም። ጉማ የሚባለው የደም ካሣ በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ የታወቀ ነው። በምሥራቁ በኩል በሱማሌ ወገኖቻችን ዘንድ ዲያ የሚከፈለው በገዳዩ ብቻ ሳይሆን በጎሣው ጭምር ነው። ድሬዳዋ የእነዚህ ሁሉ ሥርዓቶች መገናኛ ስለ ሆነች አንድ ሾፌር ሰው ሲገጭ ሽማግሌ ከፖሊስ ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ አለ። የእርቁን ሥርዓት አልነቅፍም፤ ቂምን ያበርዳል፣ ደም መመላለስን ያስቀራል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር ያኖራል። ነገር ግን እርቅ ለልቡና ነው፤ የሚያድገው ልጅ የሚበላውንና የሚማርበትን ያህል አስልቶ የሚሰጥ ሥርዓት አይደለም። እርቁ እርቅ ሆኖ ይኑር፤ የልጆቹ መተዳደሪያ ግን በሕግ ይለካ እላለሁ።

እንግዲህ ሕጉ የከፈታቸው በሮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የወንጀል በር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ቅጣቱ በመሠረቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን፣ ሕጉም ሐኪሙንና አሽከርካሪውን በምሳሌነት ይጠራል፣ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሞቱ እንደሆነ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ተጥሶ እንደሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ባልደረቦቼ፣ የሙያ ግዴታ የሚለው ቃል ሐኪምና ሾፌር ላይ የሚቆም አይምሰለን። ይህን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የቤተሰቡ ድርሻ አቤቱታና ምስክርነት መስጠት ነው። የካሣ ጥያቄን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብም በሕግ ይፈቀዳል።

ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር በር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በዘመኑ አጻጻፍ «ከውል ውጭ የሚደርስ አላፊነት» ብሎ በሰየመው ክፍል፣ ኃላፊነትን በሦስት መንገድ ያቋቁማል። አንደኛው ጥፋት ነው። ሁለተኛው ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ ኃላፊነት ነው። ሦስተኛው ለሌላ ሰው ሥራ መጠየቅ ነው።

ስለ ጥፋት ከሚናገሩት ውስጥ ቁጥር 2031 ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። አንድ ሙያ ያለው ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ በሙያው የታወቀውን የሳይንስ እውነት ወይም ደንብ ችላ ብሎ ጉዳት ቢያደርስ እንደሚጠየቅ ይናገራል። 3 ሜትር ጥልቀት ያለውን አሸዋማ ቦይ ያለ ድጋፍ ማስቆፈር ከዚህ ውጭ ነው የሚል መሐንዲስ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አላምንም።

ያለ ጥፋት ስለሚመጣው ኃላፊነት የሚናገሩት ቁጥሮች ግን ብዙ ሰው የማያውቃቸው ናቸው። የሚፈነዳ ወይም የሚመርዝ ነገር የሚያከማች፣ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ የመሬትን አቀማመጥ የሚለውጥ፣ ወይም ከተለመደው በላይ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራ ሰው በዚህ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳት በቁጥር 2069 ይጠየቃል፤ መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶኛል ማለቱም አያድነውም። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት በቁጥር 2077፣ የመኪናና የማሽን ባለቤት ደግሞ በቁጥር 2081 ይጠየቃሉ። በእነዚህ ጉዳዮች «ጥፋት የለብኝም» ወይም «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ መከራከር አይረዳም። ኃላፊነቱን የሚያስቀረው ወይም የሚቀንሰው የተጎጂው የራሱ ጥፋት መሆኑን ማስረዳት ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም በገልባጭ መኪና ምክንያት የሞተ ሰው ቤተሰብ የማንንም ቸልተኝነት ማስረዳት ሳያስፈልገው ባለቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላጠፋው ጥፋትም አሠሪው አብሮ ይጠየቃል።

ሦስተኛው የሥራ ሕግ በር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሲሞት ለጥገኞቹ የሚከፈለው የ5 ዓመት ደመወዙ ነው፤ ለባል ወይም ለሚስት 50 በመቶ፣ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ እየታሰበ ይሰጣል። የቀብር ወጪም አለ። የአሠሪው ጥፋት ያለበት እንደሆነ ደግሞ ይህ ክፍያ የፍትሐ ብሔሩን በር አይዘጋም። በዚህ በኩል መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ጊዜው ነው፤ የሥራ ሕግ የይርጋ ዘመን በመደበኛው 1 ዓመት ብቻ ነውና።

አራተኛው የመድን በር ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ያዛል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የወሰነው ክፍያ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን መጠን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ይገባል። ገጭቶ ለጠፋና መድን ለሌለው መኪናም የተቋቋመ ፈንድ አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን የመድኑን ገንዘብ ሲቀበል ነገሩ ያለቀ መስሎት ነው። መድኑ የሸፈነው ከጉዳቱ ያነሰ እንደሆነ ቀሪውን ከመኪናው ባለቤት መጠየቅ ይቻላል።

ካሣውን ማን ይጠይቃል፣ ስንትስ ነው? ቁጥር 2095 የሟቹን ባል ወይም ሚስት፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆችንና ወደ ታች የሚቆጠሩ ተወላጆችን ይጠራል። እነዚህም ካሣውን የሚጠይቁት እንደ ሟቹ ወራሽ ሆነው ሳይሆን በየራሳቸው ስም ነው። የካሣውም መልክ የመተዳደሪያ ቀለብ ነው። ሟቹ በሞተበት ጊዜ ጠያቂውን በእርግጥ ይረዳ አልነበረም መባሉ መብቱን አያስቀርም።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። በወር 6,000 ብር ያገኝ የነበረ የ40 ዓመት ሰው ሞተ እንበል። ከዚህ ውስጥ 2,000 ብሩን ለራሱ ያውለው ነበር ብንል ለቤተሰቡ የሚተርፈው በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ከተባለ በ20 ዓመት 960,000 ብር ይሆናል። ዳኛው ይህን ቁጥር እንደ ሁኔታው ሊያሻሽለው ይችላል፤ ነገር ግን በሐዘን ድንኳን ውስጥ በፖስታ ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር አስተያዩት።

ስለ ሕሊና ጉዳት ግን ሕጋችን ዛሬም የሚያሳፍር ቁጥር ይዟል። ቁጥር 2116 ለቤተሰቡ ሐዘን የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይወስናል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ክብደት ነበረው። ዛሬ ግን ለአንድ ቀን የለቅሶ ቤት ቡና እንኳ አይበቃም። ይህን ቁጥር ማሻሻል የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ መጠየቅ ግን የሁላችንም ነው።

አሁን ወደዚያች ሴት ልመለስ። ቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ እንደሚያግደው ይናገራል። እኔም ሌላውም ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ሁለተኛ ንኡስ አለው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆንና የወንጀሉ የይርጋ ዘመን ከ2 ዓመት የረዘመ ሲሆን ለካሣውም የሚጸናው ረጅሙ ዘመን ነው ይላል። በቸልተኝነት ሰው መግደል እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ስለ ሆነ የይርጋው ዘመን 5 ዓመት ነው። ይህን ያስረዳኝ አንድ ጠበቃ ነበር። ደግሞም ሚስት የፈረመችው ወረቀት በራሷ መብት ላይ የሚያመጣው ክርክር ቢኖር እንኳ ልጆቹ በስማቸው የቆመ መብት እንዳላቸው፣ ተከሳሹ በወንጀል ነጻ ቢወጣም በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ፍርድ እንደማይታሰር፣ ድኻ የሆነ ከሳሽም የዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚፈቅድ አስረዳኝ። እኔ ግን በአንድ ቃል በሩን ዘግቼባት ነበር።

ተመልሼ ሄድሁ። የመዝገቡን ቅጂ አስቀምጬ ስለ ነበር ሰጠኋት፤ ተጠርቼም የጻፍሁትን መሰከርሁ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ያለ ስለ ሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም። ከአሠሪዬ ጋር የነበረኝ ሥራ በዚያው አበቃ። ይህን የምነግራችሁ ለመመስገን አይደለም፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዘግይቼ ነበርና።

ባልደረቦቼ፣ በሕግ ያለ መብት ማስረጃ ከሌለው ባዶ ነው። ማስረጃው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእኛ እጅ ነው። ይህን ከሦስት አደጋዎች ልናየው እንችላለን።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ባቡር አዋሽ አጠገብ በድልድይ ላይ ካለ ጠመዝማዛ ሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። የምድር ባቡር ከተማ የሆነችው ድሬዳዋ ያን ቀን አትረሳም። በምክንያትነት የተጠቀሰው ባቡሩ በጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው። ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ኃይሉ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ነገር ግን «ፍጥነት» የሚለው ቃል ብቻውን መልስ አይደለም። ፍሬኑ እንዴት ነበር? የፍጥነት ምልክቱ የት ነበር? ሾፌሩን ማን አሠለጠነው? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ሾፌሩን፣ ሌላው አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። ጎርፍ የተፈጥሮ ኃይል ነው፤ ዝናብን የሚከስ ሰው የለም። ሆኖም ውኃው በየት እንደሚያልፍ፣ በዓመታት ውስጥ እስከ የት እንደ ደረሰ፣ በወንዙ ዳር ማን ምን እንደ ሠራ የሚያሳይ የልኬት መዝገብ በሌለበት ቦታ ተፈጥሮ ያደረገውንና ሰው ያደረገውን መለየት አይቻልም። ከደቻቱ ዳር ግንብና ቦይ የሚሠራ መሐንዲስ ሥዕሉን ሲያስቀምጥ ይህን ያስብ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ግን የተለየ ነገር ያስተምራል። 157 ሰዎች አልቀዋል። ቤተሰቦቻቸው በዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት ከአየር መንገድ የመጠየቅ መብት ነበራቸው፤ አውሮፕላኑን የሠራውን ቦይንግን ደግሞ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ያ ታላቅ ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለአደጋው ኃላፊነቱን በፍርድ ቤቱ ፊት ተቀበለ። እዚያ ያደረሳቸው የጠበቆቹ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ከፍርስራሹ ውስጥ የወጡት የበረራ መቅጃ ሳጥኖች የእያንዳንዱን ሴኮንድ ታሪክ ይዘው ስለ ተገኙ ነው። የእኛ ቦይና የእኛ መወጣጫ እንዲህ ያለ ሳጥን የላቸውም። ያላቸው የሥራ ቦታ መዝገብ፣ የአፈር ምርመራ ውጤት፣ የተፈረመ ሥዕልና የመሐንዲሱ ምላስ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አደጋ በደረሰበት ቦታ የሰው ሕይወት የማዳኑ ሥራ እንዳለቀ ምንም ነገር ሳይነካ ልኬትና ፎቶግራፍ ይወሰድ። የዕለቱ መዝገብ ገጽ በዚያው ቀን በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አሠሪው አደጋውን ለሥራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የማስታወቅ ግዴታ ስላለበት ማስታወቁን መሐንዲሱ ያረጋግጥ። በሐዘን ሳምንት ሰውን ወረቀት ማስፈረም ነውር መሆኑን ማኅበራችን በሥነ ምግባር ደንቡ ያስገባ። በመጨረሻም ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሱማልኛ ይዘጋጅ፤ በላዩም አራቱ በሮችና የየበሩ የመዝጊያ ቀን ይጻፍ።

ቀድሞ መንገደኛ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት ይቆም ነበር ይባላል። ያች ሴት ይህን ቃል አላለችኝም። የጠየቀችኝ የጻፍሁትን ለልጇ እንድነግረው ብቻ ነበር። ልጁ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የመዝገቡን ገጽ ባነበበ ጊዜ የጠየቀኝ ጥያቄ «ድጋፉ ስንት ብር ያስወጣ ነበር?» የሚል ነበር። የእንጨቱን ዋጋ አስልቼ ነገርሁት። ከአባቱ የአንድ ወር ደመወዝ ያንስ ነበር።